ሮም ላይ ወያላ የለም፦ ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት እስከ ቤት ሳትሸወድ እንዴት እንደምትሄድ

አክስቴ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ መጥታ አንድ ወር እኔ ጋ ከርማ ነበር። በዛ ወር ባቡሩን፣ ሜትሮውን፣ ባሱን፣ ታክሲውን፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም አዳረስነው፣ እና ልትሄድ ሻንጣ ስታስር «ይሄ ሀገር ሁሉ ነገር አለው፣ ወያላ ብቻ ነው ያጣው» አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ ነገሩ ገብቷታል። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ሂሳብ የሚሰበስበው ወያላው ነው፣ የት እንደምትወርድ የሚያውቀው እሱ ነው፣ እንቅልፍ ከወሰደህ የሚቀሰቅስህም እሱ ነው። ሮም ላይ ያን ሁሉ ስራ ራስህ ነህ የምትሰራው። ባስ ስትገባ ማንም «ሂሳብ!» አይልህም፣ ሾፌሩም ዞር ብሎ አያይህም፣ ነጻ ይመስላል፣ ነጻ እየመሰለህ አንድ ሁለት ሳምንት ትመላለሳለህ፣ ከዛ አንዱን ቀን ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች በየበሩ ይገቡና ያኔ የሁለት ሳምንቱን ባንዴ ትከፍላታለህ።

ስለዚ ለጉብኝትም ይሁን ለኑሮ አዲስ ለሚመጣ፣ ወይ እናቱን አባቱን ሊያስመጣ ላሰበ፣ እኔ እዚህ ስኖር የለመድኩትን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። «አንተ» እያልኩ ነው የምሄደው፣ ሴቶች «አንቺ» እያላችሁ አንብቡት። ሰዓቱን ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የባቡር ሰሌዳ ላይ በሀበሻ ሰዓት የሚጽፍልህ የለም። አክስቴ በዚህ በሰዓት ጉዳይ የሆነችው ነገር አለ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ገና ሀገር ቤት እያለህ

የምታርፍበትን ቤት አድራሻ ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፈው፣ የመንገዱን ስም ከነቁጥሩ፣ ከስሩ ደሞ ቅርብ የሆነውን የሜትሮ ጣቢያ። የስልክ ባትሪ የሚያልቀው ሁሌ ሲጨንቅህ ነው። ጎግል ማፕ ላይ የሮምን ካርታ ዳውንሎድ አርግ፣ መንገዱን ያለ ኢንተርኔት ያሳይሃል፣ የባስ ሰዓት ግን አያሳይህም፣ ስለዚ ሲም ካርድ እስክታወጣ የኤርፖርቱን ዋይፋይ ተጠቅመህ ሙሉውን መንገድ ስክሪንሾት አንሳው። ውጪ የሚሰራ ቪዛ ወይ ማስተርካርድ ካለህ በጣም ጥሩ፣ ከሌለህ ዩሮውን በአምስትና በአስር ኖት ያዝ። የአንድ ዩሮ ከሃምሳ ትኬት በመቶ ዩሮ ኖት ልግዛ ብትል ሻጩ አንዴ ብሩን አንዴ አንተን ያይና «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ይሸኝሃል።

ቋንቋው አያስፈራህ፣ ግማሹን እኮ ታውቀዋለህ። ፌርማታ እዚህም ፌርማታ ነው። ቢያጆ የምንለው ጉዞ ማለት ነው፣ ጋቢናም ከነሱ የመጣ ነው። ከዚህ በተረፈ የምትይዛቸው ጥቂት ናቸው፦ ቢሊየቶ ትኬት ነው፣ ቢናሪዮ ባቡሩ የሚቆምበት መስመር ነው ከቁጥሩ ጋር፣ ኡሺታ መውጫ፣ ካፖሊኒያ የባሱ የመጨረሻ ፌርማታ፣ ሙልታ ቅጣት፣ ሾፔሮ የስራ ማቆም አድማ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እዚህ ያለ ሀበሻ በአማርኛ ሲያወራም በጣልያንኛ ነው የሚጠራቸው፣ ለምን እንደሆነ ስትኖር ይገባሃል።

ፊውሚቺኖ ስትወርድ

የኛ አየር መንገድ የሚያርፈው ፊውሚቺኖ ነው፣ ከመሃል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ መጀመሪያ የምትሰማው «ታክሲ? ታክሲ?» የሚል ሹክሹክታ ነው። አትመልስለት፣ ቆመህም አትከራከር። ህጋዊ ታክሲ ሰው አይጠራም፣ ውጪ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው። አንድ የማውቀው ልጅ እናቱ በዚህ መንገድ ተይዘው ባቡር በ14 ዩሮ በሚያደርስበት መንገድ መቶ ሃያ ዩሮ ተቀብለዋቸዋል፣ ያውም ሻንጣቸውን «እኔ ልያዝልዎት» ብሎ በጣም በትህትና። ሻንጣህን ማንም እንዲይዝልህ አትፍቀድ፣ ሻንጣው ከሄደ አንተም ተከትለህ ትሄዳለህ።

ወደ ከተማ የሚወስዱህ አራት ነገሮች አሉ። «ባቡር» የሚለውን ምልክት ተከትለህ ጣቢያው ጋ ስትደርስ ሁለት ዓይነት ባቡር ነው ያለው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚች ጋ ነው።

አንደኛው ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ ነው፣ 14 ዩሮ፣ የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያስገባሃል። ተርሚኒ ማለት ትልቁ የባቡር ጣቢያ ነው፣ የሁሉም ነገር መገናኛ፣ የኛ መገናኛ ላይ ያለውን ግርግር አስብና ጣራ አልብሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ፣ ለእናቶች፣ ሁለት ሻንጣ ለያዘ ሰው እኔ ይሄን ነው የምመክረው፣ መሳሳት አይቻልም፣ መጨረሻው ተርሚኒ ነው።

ሁለተኛው ኤፍ ኤል 1 የሚሉት የከተማ ዳርቻ ባቡር ነው፣ 8 ዩሮ። እሱ ተርሚኒ አይገባም! ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴ፣ ቱስኮላና፣ ቲቡርቲና እያለ ነው የሚያልፈው። ሰሌዳው ላይም ሮማ ብሎ አይጽፍልህም፣ መድረሻው ፋራ ሳቢና ወይ ኦርቴ ነው የሚለው፣ እና አዲስ ሰው ይሄ ወደ ሌላ ሀገር ነው ብሎ ያሳልፈዋል። የምትሄድበት ሰፈር ሜትሮ ቢ መስመር ላይ ከሆነ ግን በሱ መምጣት ያዋጣል፣ ኦስቲየንሴ ወርደህ በውስጥ ለውስጥ መንገዱ ፒራሚዴ ሜትሮ ትገባለህ፣ ወይ ቲቡርቲና ትወርድና እዛው ሜትሮ አለ። ስድስት ዩሮ ተረፈህ ማለት ነው፣ አራት ማኪያቶ እንበለው።

ሦስተኛው ተርሚኒ የሚወስድ ባስ ነው፣ ከባቡሩ ይረክሳል ግን መንገድ ከተዘጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። አራተኛው ታክሲ፣ ለሱ ራሱን የቻለ ነገር እጽፋለሁ።

የባቡር ትኬት በወረቀት ከገዛህ ከመሳፈርህ በፊት ቢናሪዮው መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ ከተህ አስመታው። ይሄ «አስመታው» የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ ደጋግሞ ይመጣል።

ትኬት መግዛትና ማስመታት

የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት አታክ ይባላል፣ ትኬቱ ለባስ፣ ለትራም፣ ለሜትሮ አንድ ነው። ተራው ትኬት ቢት ይባላል፣ 1.50 ዩሮ ነው፣ ከመታህበት ሰዓት ጀምሮ ለ100 ደቂቃ ይሰራል። በ100 ደቂቃው ውስጥ ባስና ትራም የፈለግከውን ያህል ትቀያይራለህ፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚያስገባህ። ከመስመር አ ወደ ቢ ውስጥ ለውስጥ መቀየር ትችላለህ፣ በሩን አልፈህ ከወጣህ ግን አለቀ፣ ደቂቃው ቢተርፍህም ተመልሰህ አትገባም። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በሩ ቀይ ሲያበራብኝ ነው።

የት ይገዛል? ከሾፌሩ አይገዛም፣ እሱን ከልብህ አውጣው። ሜትሮ ጣቢያ ውስጥ ማሽን አለ። ከዛ ውጪ ታባኪ ነው፣ ማለትም ትልቅ የ«ቲ» ፊደል ምልክት በር ላይ የሰቀለ ሲጋራ ቤት፣ ወይ ጋዜጣ የሚሸጥበት ኪዮስክ። ገብተህ «ዱዌ ቢሊየቲ» ካልክ ሁለት ትኬት ይሰጥሃል፣ ሌላ ጣልያንኛ አያስፈልግህም። እሁድ ታባኪው ብዙ ጊዜ ይዘጋል፣ ስለዚ ቅዳሜ ላይ ሁለት ሦስት ትርፍ ገዝተህ ቦርሳህ ውስጥ አስቀምጥ፣ ካልተመታ አይበላሽም።

ካርድ ካለህ ደሞ ታባኪም አያስፈልግህም። ሜትሮ በሩ ላይ፣ ባስና ትራም ውስጥም ማንበቢያዋ ላይ ካርድህን ወይ ስልክህን ታስነካለህ፣ እራሱ 1.50 ይቆርጣል፣ 100 ደቂቃውንም እራሱ ይቆጥራል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። አንድ፣ መጀመሪያ በካርዱ ከነካህ ቀጥሎም በዛው በካርዱ ንካ፣ አንዴ በካርድ አንዴ በስልክ ካልክ ሁለት ሰው መስለኸው ሁለቴ ይቆርጥሃል። ሁለት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ነው፣ ባንተ ካርድ አንተንም ሚስትህንም አታሳልፍም። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ከሆነ አይከፍልም።

የ24፣ የ48፣ የ72 ሰዓት ትኬትም አለ፣ ግን በቀን አራት ጊዜ እንኳን ለማትሳፈር ሰው ኪሳራ ነው፣ የአስጎብኚ መጽሐፍ ይዞ ለሚሮጥ ሰው ይሁን። እዚህ ለምትኖር ግን ወርሃዊው 35 ዩሮ ነው፣ በስምህ ይወጣል፣ እሱን ያዝና ተገላገል።

አሁን ዋናው። ትኬት መያዝ መክፈል አይደለም። የወረቀት ትኬት እስኪመታ ድረስ ወረቀት ነው። ሜትሮ ላይ በሩ እራሱ ይመታዋል። ባስ ላይ ግን ውስጥ ያለችውን ማሽን ፈልገህ፣ ትኬቱን በቀስቱ አቅጣጫ ከተህ፣ ጭርር ብላ ቀንና ሰዓት ስታትምበት አውጥተህ፣ ማተሟን በዓይንህ ማየት አለብህ። ቀለም አልቆባት ባዶውን የምትመልስ ማሽን አለች። ሌላ ማሽን ሞክር፣ እሷም ከተበላሸች በእስክሪብቶ ቀኑንና ሰዓቱን ትኬቱ ላይ ጻፍበት።

እኔ ገና እንደመጣሁ ኪሴ ውስጥ ሁለት ንጹህ ትኬት ይዤ ነው የተያዝኩት። ተቆጣጣሪዋ ትኬት ስትለኝ በኩራት ሁለቱንም አወጣሁላት። አገላበጠቻቸው። «ቲምብራቶ?» አለች። አልገባኝም። አጠገቤ የነበሩ አንድ አሮጊት በእጃቸው መዳፋቸውን እንደ ማህተም መታ መታ አድርገው አሳዩኝ፣ ያኔ ገባኝ፣ ግን ሲገባኝ ልጅቷ መጻፍ ጀምራለች። እዛው ከከፈልክ ከ50 ዩሮ ትንሽ በለጥ ይላል፣ ካልከፈልክ ከመቶ ያልፋል። ከፈልኩ። ጥፋቱም የኔ ነበር፣ ማንንም አልወቅስም፣ ብቻ ያቺን ማሽን አሁንም ሳያት ሆዴ ይገማሸራል።

ባሱ ጢም ብሎ ማሽኑ ጋ መድረስ ካልቻልክ ትኬትህን ወደፊት ታቀብላለህ። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሂሳብ ከእጅ እጅ እንደምናሻግረው ማለት ነው፣ ልክ እንደዛው፣ ተመቶ በዛው መንገድ ይመለስልሃል። አክስቴ ይሄን ስታይ «በል እንግዲህ መልሱን እንዳይቀሩብህ» አለችኝ።

አንድ ሌላ የሙልታ ወጥመድ፦ ያቺ የ1.50 ትኬት ከተማ ውስጥ በሚሄዱ አንዳንድ የክልል ባቡሮች ላይም ትሰራለች፣ ለኤርፖርት ግን አትሰራም። ሌዎናርዶም ላይ፣ ኤርፖርት በሚሄደው ኤፍ ኤል 1ም ላይ። ብዙ ሀበሻ ዘመድ ሊሸኝ ሲሄድ በዚህ ተቀጥቷል።

ሜትሮው

ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ለዚህ ለሚያክል ከተማ ያሳፍራል፣ ግን ምክንያት አላቸው፣ መሬቱን በቆፈሩ ቁጥር የጥንት ቤትና ሸክላ እየወጣባቸው ስራው ይቆማል። ሳን ጆቫኒ ጣቢያ ደረጃውን እየወረድክ በመስታወት ውስጥ የወጣውን ዕቃ ደርድረውልሃል፣ አንዳንዴ ባቡሩ ሲዘገይ እያየህ ትቆያለህ።

መስመር አ ብርቱካናማ ነው፣ ከባቲስቲኒ እስከ አናኚና። መስመር ቢ ሰማያዊ ነው፣ የመጀመሪያው እሱ ነው በፈረንጅ 1955 የተከፈተ፣ ከላውረንቲና ተነስቶ ቦሎኛ የሚባል ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ሬቢቢያ ግማሹ ዮኒዮ ይሄዳል። ስለዚ ቢ ላይ ባቡሩ ግንባር ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትግባ፣ ሬቢቢያ ልሄድ ብለህ ዮኒዮ የምትገኘው ለዚህ ነው። መስመር ቺ (እኛ «ሲ» የምንለው ፊደል) አረንጓዴ ነው፣ ሾፌር የለውም፣ ፊት ለፊት ቆመህ ዋሻውን እያየህ ትሄዳለህ፣ ልጅ ካለህ እዛ አስቀምጠው። አ እና ቢ የሚገናኙት ተርሚኒ ላይ፣ አ እና ቺ ደሞ ሳን ጆቫኒ ላይ ነው።

ሜትሮ ውስጥ ምልክቱ ሁሉ የሚነግርህ አቅጣጫ በመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። ስለዚ የምትወርድበትን ብቻ ሳይሆን የመስመሩን ጫፍ ማወቅ አለብህ። ለምሳሌ ብዙ ወገን ያለበት ቼንቶቼሌ አካባቢ ልትሄድ ከሆነ፦ ተርሚኒ ላይ መስመር አ ወደ አናኚና የሚለውን ትይዛለህ፣ ሦስተኛው ጣቢያ ሳን ጆቫኒ ነው ትወርዳለህ፣ ከበሩ ሳትወጣ አረንጓዴውን ተከትለህ መስመር ቺ ወደ ፓንታኖ የሚለውን ትይዛለህ። በአንድ ትኬት። ቫቲካን ከሆነ ከተርሚኒ አ ወደ ባቲስቲኒ፣ ስድስተኛው ኦታቪያኖ።

ሰዓቱ ከጠዋት 5፡30 እስከ ማታ 23፡30 ነው፣ አርብና ቅዳሜ እስከ 1፡30። ጥገና ሲኖር ቀድሞ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ጣቢያው በር ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። ኤስካሌተር ላይ በቀኝ ቁም፣ በግራ የሚቸኩል ሰው ያልፋል። ቦርሳህን ወደ ፊት አዙረው፣ ስልክ ከኋላ ኪስ አታስቀምጥ። ተርሚኒና ስፓኛ ጣቢያ ላይ ኪስ አውላቂዎቹ የለበሱ፣ ካርታ የያዙ፣ ቱሪስት የሚመስሉ ናቸው፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ድንገት ፊትህ የሚቆምና ከኋላ የሚገፋህ ሰው ካለ አብረው ናቸው። 64 ቁጥር ባስም በዚህ የታወቀ ነው፣ ተርሚኒ ተነስቶ ወደ ቫቲካን በኩል ስለሚሄድ ቱሪስት ይሞላዋል።

ባሱ

እዚህ ነው ትዕግስት የሚያስፈልግህ። ፌርማታው ላይ ያለው ምሰሶ ላይ የባሱ ቁጥርና የሚሄድባቸው ፌርማታዎች ከላይ ወደ ታች ተጽፈዋል፣ ያለህበት በቀይ ተከቧል። ከቀዩ በታች ያለው ነው ወደፊት የምትሄድበት፣ ከላይ ያለው ያለፈው ነው። የምትሄድበት ሰፈር ከቀዩ በላይ ካገኘኸው መንገድ ተሻገር፣ ከማዶ ነው ፌርማታህ። ይሄን ካወቅክ ግማሽ ሮምን አወቅክ።

ባሱ ሲመጣ እጅህን ዘርጋ። ዝም ብለህ ከቆምክ ጥሎህ ያልፋል፣ ንቆህ አይደለም፣ የምትጠብቀው ሌላ ቁጥር መስሎት ነው። በፊትና በኋላ በር ይገባል፣ በመሃል ይወጣል፣ ሰው ሁሌ ባያከብረውም። መውረድ ስትፈልግ «ወራጅ አለ!» የለም፣ ቀዩን በተን ትጫናለህ። ሰው ከበዛ ደሞ አንድ ፌርማታ ሲቀርህ ወደ በሩ መጠጋት ጀምር፣ ፊትህ ያለውን ሰው «ሼንዴ?» በለው፣ ትወርዳለህ ወይ ማለት ነው፣ ካልወረደ እራሱ ያሳልፍሃል። የማታውቀው ሰው አንተንም እንደዚሁ ይጠይቅሃል፣ እኔ ለረጅም ጊዜ ሰላም የሚሉኝ መስሎኝ ፈገግ እል ነበር።

ማታ ሜትሮ ሲዘጋ ቁጥራቸው ፊት ትንሽ «ኤን» ፊደል ያለባቸው የሌሊት ባሶች አሉ፣ ምልክታቸው ጉጉት ነው። የሜትሮውን መስመር ተከትለው የሚሄዱም አሉ፣ «ኤን ኤም አ» ካለ መስመር አን ይተካል፣ «ኤን ኤም ቢ» ካለ ቢን። ዘግይተህ ከስራ የምትወጣ ከሆነ ከቤትህ አጠገብ የሚያልፈውን አንዱን ቁጥር በቃልህ ያዝ።

ሾፔሮ

እዚህ ሀገር አድማ እንደ ዝናብ ነው፣ ቀድሞ ይነገራል፣ ብዙ ጊዜ አርብ ይውላል። ሜትሮ ውስጥ ስክሪን ላይ፣ ዜና ላይ ቀኑን ይጠቅሱታል። ግን ቀኑን ሙሉ አይቆምም፣ በህግ የተጠበቀ ሰዓት አለ፦ ጠዋት ከመጀመሪያው ባስ እስከ 8፡30፣ ከዛ ከ17፡00 እስከ 20፡00 ይሰራል። በዛ መሃል ያለው ዕድልህ ነው።

አክስቴ ቀጠሮ ነበራት፣ እኔ ስራ ነኝ፣ «እስከ ስምንት ተኩል ባስ አለ» ብዬ በስልክ ነገርኳት። እሷ በሀበሻ ስምንት ተኩል ገባት፣ ምሳዋን ተረጋግታ በልታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ፌርማታው ላይ ቆመች። አንድ ሰዓት ቆመች። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ስለዚ ወላጆቻችሁን ስታስመጡ ሰዓት ስትነግሯቸው «ከጠዋቱ» «ከምሽቱ» በሉ፣ ወይ በሀበሻ ቀይራችሁ ንገሯቸው።

ታክሲ

ህጋዊው ታክሲ ነጭ ነው፣ ጣራው ላይ ታክሲ ይላል፣ በሩ ላይ ሮማ ካፒታሌ የሚል ጽሑፍና የፈቃድ ቁጥር አለው፣ ውስጥ ቆጣሪ አለ። መንገድ ላይ እጅ እያወዛወዝክ ማስቆም ሁሌ አይሳካም፣ የታክሲ ተራ ሄደህ መሰለፍ ነው የሚሻለው። በስልክ 060609 መጥራት ይቻላል፣ ፍሪናውና ኢትታክሲ የሚባሉ አፖችም አሉ። ኡበርም አለ ግን ያ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያወሩለት ርካሹ አይደለም፣ እዚህ የሚመጣልህ ወይ ያው ነጩ ታክሲ ነው ወይ ጥቁር ውድ መኪና። በስልክ ስትጠራ ደሞ ቆጣሪው የሚጀምረው ካለህበት ሳይሆን መኪናው ከተነሳበት ነው፣ ስትገባ አምስት ስድስት ዩሮ ቆጥሮ ብታየው አትጣላ፣ ህጋዊ ነው። ማታ ከ22፡00 በኋላና በበዓል ቀን መነሻው ከፍ ይላል።

ከፊውሚቺኖ ቁርጥ ዋጋ አለ፣ 55 ዩሮ፣ እስከ አራት ሰው፣ ሻንጣ ተጨምሮበት። አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ ከሌዎናርዶ ጋር ያው ነው፣ አንድ ዩሮ እንኳን ትተርፋላችሁ። ግን ልብ በል፣ ቁርጡ የሚሰራው በአውሬሊያኖ ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ ነው፣ ማለትም የጥንቱ ከተማ ግንብ ውስጥ። ተርሚኒ አካባቢ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሀበሻ የሚኖርበት ሰፈር ግን ከግንቡ ውጪ ነው፣ ያኔ ቆጣሪ ነው የሚሰራው። ስለዚ ብልሃቱ ምንድነው፣ ሻንጣ ካልበዛ እስከ ተርሚኒ በባቡር መጥተህ ከዛ ታክሲ መያዝ። ግንቡ ውስጥ ከሆንክ ደሞ ከመግባትህ በፊት «ታሪፋ ፊሳ፣ ቺንኳንታቺንኩዌ» በለው፣ ሃምሳ አምስት ቁርጥ ማለት ነው፣ እሺ ካለ ግባ። በካርድ የመክፈል መብት አለህ፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚል ካጋጠመህ ከመነሳቱ በፊት ነው መጠየቅ ያለብህ። ደረሰኝ «ሪቼቩታ» ነው፣ ጠይቅ፣ ዕቃ ከረሳህ የመኪናውን ቁጥር የምታገኘው እዛ ላይ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

መለማመጃ

አዲስ ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማስኬደው አንድ መንገድ አለ፣ ሁሉንም ያስተምረዋል። መነሻው ተርሚኒ ፊት ለፊት ነው። ያ ባሶቹ የሚሰለፉበት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ እነማን መሰሉህ፣ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባስ ይጠብቅበታል፣ ስሙን ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ ግን እምብዛም ነው። ለአክስቴ ስነግራት ዙሪያውን አየችና «እዚሁ ፎቶ አንሳኝ» አለች።

ከዛ ትኬቷን ራሷ ገዛች፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜ። መስመር ቢ፣ ወደ ላውረንቲና የሚለውን ራሷ አነበበች፣ በጣቷ ካቩር፣ ኮሎሴዎ፣ ቺርኮ ማሲሞ ብላ ሦስት ቆጠረች። ቺርኮ ማሲሞ ስትወጣ ፊትህ ያለው ትልቅ ህንጻ ፋኦ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ህንጻው ድሮ ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ የቆመው እሱ ፊት ለፊት ነበር፣ 24 ሜትር ድንጋይ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው ሀገሩ የገባው። አሁን እዛ አደባባይ ላይ ሌላ ሁለት አምዶች ቆመዋል፣ መኪና ይዞራቸዋል። አክስቴ ቆማ ቦታውን ለረጅም ሰዓት አየችው፣ ከዛ ትኬቷን ከቦርሳዋ አወጣችና የታተመውን ሰዓት ወደ መነጽሯ አስጠጋችው። ሜትሮ ከእንግዲህ አያስገባንም፣ ባስ ግን እንችላለን አለች። ከማዶ ተሻግረን ምሰሶው ላይ ከቀዩ በታች ተርሚኒ የሚለውን ፈለገችና ባሱ ሲመጣ እጇን ዘረጋች። ትኬቷ ገና ሃያ ደቂቃ ነበረው።